ብርቄን ሁለት ጊዜ አነሳኋት

ጡረታ የወጣሁት ላርፍ ነበር። ይህን ሰፈር ላለ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ፤ የሰማኝ ግን የለም። ሠላሳ ሦስት ዓመት በራጅ ባለሙያነት ሠርቼ፣ የሰው ሳንባና የሰው ዳሌ ሳነሳ ኖሬ፣ በመጨረሻ የሥራ ባልደረቦቼ አዋጥተው ካሜራ ሰጡኝ። ሌላው ጡረተኛ ጋቢ ይለብሳል፤ ቢበዛ የግድግዳ ሰዓት ይሰጠዋል። እኔ አንድ ቀን ምሳ ላይ ሆኜ "እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ልብሱን የለበሰ ሰው ላንሳ" ብዬ ስለነበር ቃሌን ያዙብኝ። ካሜራው ያገለገለ ነው። ሲከፈት የሚያወጣው ጽሑፍ ምን ቋንቋ እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ እሱን ለማስቀየር ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ደግሞ "ሲስተር" የሚሉኝ ነገር አለ። ነርስ ሆኜ አላውቅም። ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ሁሉ ለአዲስ አበባ ሰው ሲስተር ናት፤ ስከራከር ሠላሳ ሦስት ዓመት ሄደ፣ በመጨረሻ ደከመኝና ተውኩት። አሁን ደግሞ ካሜራ በአንገቴ ሲያዩ "ሲስተር፣ ፎቶ ቤት ከፈቱ እንዴ?" ይሉኛል። አልከፈትኩም! ለራሴ ነው፣ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ ስላቸው ደግሞ "ታዲያ ለራስዎ ከሆነ እኛን ያንሱና!" ይላሉ። ይህን ነገር ገልብጬም አገላብጬም አይቼዋለሁ፤ ትርጉም የለውም።

ካሜራው ባይመጣ ግን ከብርቄ የደበቅኩት ነገር አብሮኝ መቃብር ይወርድ ነበር። ብርቄ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናት። ልነግራት ሲገባኝ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልነገርኳት ጉድ አለ፤ ጥፋቱም የእኔው ነው። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ነው። እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ጭንቅላቶቹ ላውራ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያነሳኋቸው ሰዎች በሙሉ ጭንቅላት አልነበራቸውም። ጎረቤቴ ሽኩር ኮልፌ ገበያ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ይነግዳል፤ ሱቁ በር ላይ አቁሜ አነሳሁትና አሳትሜ ወሰድኩለት። ፎቶውን አገላበጠው።

"እትዬ ጽጌ፣ ይሄ ማነው?"

"አንተ ነህ እንጂ!"

"ታዲያ ከአንገት በላይ ያለው የት ሄደ?"

"ከአገጭህ በታች ግን ጥርት ብለህ ወጥተሃል" አልኩት።

"ሚስቴ በሆዴ ነው እንዴ የምታውቀኝ?" ብሎ ለደንበኞቹ ሁሉ አሳየው። ገበያው ለአንድ ሳምንት ሳቀብኝ።

ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። የደረት ራጅ የሚጀምረው ከአገጭ ሥር ነው። ጭንቅላት ለእኛ ከመንገድ የሚገፋ ነገር ነው፤ "አገጭዎን ቀና ያድርጉ" እንልና ዓይናችን ከዚያ በታች ይሄዳል። ዓይኔ ለምዶበት ካሜራውም ውስጥ እዚያው ሄዶ ይቆማል። የቆመውን ሰው ደግሞ እጁን ወገቡ ላይ አስይዤ፣ ትከሻውን ወደ ፊት አስገፍቼ፣ "ትንፋሽ ያዝ" እለዋለሁ። ሽኩር እንደዚያ ሆኖ ሲወጣ ሊማታ የተዘጋጀ ሰው መስሎ ነበር።

ብርሃኑም ተገለባበጠብኝ። ራጅ ላይ ጨረሩ በሰውየው ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ ፊልሙ ላይ የሚቀረው ጨረሩን ያስቀረው ነገር ጥላ ነው። ካሜራ ግን ብርሃኑ ሰውየው ላይ አርፎ ተመልሶ እንዲመጣ ይፈልጋል። እኔ ለወራት ሰውን ከመስኮት ፊት እያቆምኩ፣ ብርሃኑ ከጀርባው ወደ እኔ እየመጣ፣ ጥቁር ጥላ ሳነሳ ከረምኩ። ፎቶ የሚያትምልኝ ሰውዬ፣ ፌርማታው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ያለው፣ በመጨረሻ ቆሽቱ አረረ። "እማማ፣ ፀሐዩን ከእርስዎ ኋላ ያድርጉት! ከእርስዎ ኋላ!" እያለ እጄን ይዞ ደጅ አውጥቶ አዞረኝ። የፎቶ ጀርባ የሚባል ነገር፣ ከሰውየው ኋላ ያለው ሁሉ፣ መኖሩንም ያወቅሁት ያኔ ነው። ራጅ ጀርባ የለውም። ፎቶ ግን ካላዩት የመብራት ምሰሶ ከሰው አናት ላይ ያበቅላል፤ አብቅሎብኛልም።

ይህን ሁሉ ያበላሸብኝ ጥሩ መማሬ ነው። ያስተማሩኝ ሰው ጋሽ በየነ ይባላሉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ትምህርቴን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩት ክፍለ ሀገር ነበር፤ መብራት ሲመጣ ሕመምተኛ የለም፣ ሕመምተኛ ሲመጣ መብራት የለም። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ፤ ከኮልፌ ሁለት ታክሲ ተሳፍሬ ወደምሄድበት፣ ስሙን ወደማልጠራው ሆስፒታል። የደመወዙን ነገር አታንሱብኝ። የራጅ ክፍሉ አንጋፋ ጋሽ በየነ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ፊልም ከሚታጠብበት ኬሚካል፣ ከፊክሰሩ የተነሳ ጣታቸው ጫፍ ቡናማ የሆነ ሰው።

ጋሽ በየነ ሕመምተኛውን ሳያነሱ አስቀድመው መዳፋቸውን ሰሌዳው ላይ ያሳርፉ ነበር። ሰሌዳው ብረት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ ራቁት ደረት ሲነካው ሰው ይሸማቀቃል፣ የተሸማቀቀ ሰው ደግሞ በደንብ አይተነፍስም። ስለዚህ በመዳፋቸው ያሞቁታል። እያሞቁ "ሰፈርህ የት ነው? ልጆች አሉህ?" ይላሉ። ሰልፉ በሩን አልፎ ግቢ ሲደርስ እንኳ አይተዉትም። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ጥርሴን አፋጫለሁ። "ትንፋሽ ያዝ" ሲሉም ራሳቸው አብረው ይይዛሉ፤ ሰውየው ምን ያህል መቆየት እንደሚችል የሚያውቁት በራሳቸው ትንፋሽ ነበር።

አውልቁ ማለት አይወዱም ነበር። ራጅ ላይ ብረት ነጭ ሆኖ ይወጣልና ደንቡ ሁሉን አውልቁ ነው። ግን ማተቡን አውልቅ የተባለ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ጋሽ በየነ ማተቡን አያስወልቁም፤ "መስቀሉን በጥርስህ ያዝልኝ" ይላሉ፣ ክሩ ወደ ላይ ተሰብስቦ ከደረቱ ይወጣል። ክታብ ያለውን ደግሞ ክታቡን በእጁ ጨብጦ ወገቡ ላይ እንዲያሳርፍ ያደርጉታል። ሴት ስትመጣ ከኪሳቸው ቁራጭ ፋሻ ያወጣሉ፤ ሹሩባዋን በሙሉ ወደ አናቷ ሰብስበው በፋሻው ያስሩታል። አንድም ሴት ሳያስሩ አንስተው አያውቁም። "ለምን ይሄን ያህል?" ብዬ ስጠይቃቸው "ፀጉር ቀላል ይመስልሻል። የተጎነጎነና ቅቤ የጠጣ ፀጉር ጥላ አለው" አሉኝ። ሰማሁ። አልሰማሁም።

ሰዉም የራሱ ጣጣ ነበረበት። ራጅ እንደ ፎቶ "መነሳት" ስለሚባል ብዙው ለፎቶ ተዘጋጅቶ ይመጣል። አንድ ሽማግሌ ሙሉ ልብስና ከረባት ለብሰው መጥተው ሁሉን አውልቁ ስላቸው ተቀይመውኝ ሄዱ። አንዷ "ሲስተር፣ ሳንባዬን ደህና አድርገሽ አንሺልኝ፣ ለባለቤቴ አሳየዋለሁ" ብላኛለች። ሴቶቹ ደግሞ ራጅ ይነሳሉ ሲባል ዋዜማውን ሹሩባ ይሠራሉ። ጋሽ በየነ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያልፉታል፤ እኔ ግን እናደድ ነበር። መናደድ የእኔ ነገር ነው።

ያን ጊዜ የነበሩት አለቃችን ሌላ ፈተና ነበሩ። ፊልም እጥረት ነበረና እያንዳንዱ ፊልም ይቆጠራል። አንዱ ከተበላሸና ከተደገመ ለምን እንደተደገመ በጽሑፍ ይቀርባል፣ ይፈረማል፣ ከዚያም ቢሯቸው ተጠርቶ መገሰጽ አለ። እግዜር ይይላቸው፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፤ ፊልም የማይልኩልንን ትተው እኛን። ስለዚህ አጠራጣሪ ፊልም ሲወጣ ከመድገም ዝም ማለት ይቀል ነበር።

ብርቄ የመጣችው በዚያ ዘመን ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሕፃናት ማቆያ ልትቀጠር የጤና ምርመራ ታዝዞላት ነው የመጣችው። ሎተሪ እንደደረሳት ልጅ ፊቷ በራ ያለ፣ ሹሩባዋ ትላንት የተሠራ፣ ወፍራም ወፍራም ሆኖ ትከሻዋ ላይ የወረደ። ታላቅ እህቷ ግማሽ ቀን ቁጭ ብላ እንደጎነጎነችላት ነገረችኝ፤ ሥራ የምትጀምርበት ሹሩባ ነው። ፋሻውን ሳወጣ "ሲስተር በናትሽ እንዳይበላሽ" አለችኝ።

ጋሽ በየነ ያን ቀን አልነበሩም። ሰልፉ ግቢ ደርሷል። ከእሷ በፊት የመጣው ሰውዬ ተሳድቦብኝ ሄዷል። እኔም በዚያው ንዴት "ደህና፣ ወደ ኋላ ጣይውና ቁሚ" አልኳት። ወደ ኋላ ጣለችው። ትከሻዋን ወደ ፊት ስታደርግ አንዱ ጉንጉን ተንሸራቶ በቀኝ በኩል ወደ ፊት ወረደ። አየሁት። አላየሁም ማለት አልችልም፤ አይቼዋለሁ። ትንፋሽ ያዢ አልኳትና ቁልፉን ተጫንኩት።

ፊልም በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልሙ ሲወጣ በቀኝ ሳንባዋ ጫፍ ላይ ደመና የመሰለ ነገር ነበረ። ልድገመው አልኩ። ከዚያ ወረቀቱ፣ ፊርማው፣ የአለቃው ቢሮ ታየኝና ተውኩት። ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። አክታዋ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም፤ ግን ፊልሙ አለ ብሏልና ሐኪሙ ፊልሙን አመነ። ማቆያው አልቀጠራትም። ልጅቷ ስምንት ወር መድኃኒት ዋጠች።

ሕክምናዋን ስትጨርስ ለማረጋገጫ ራጅ ተላከች፤ ያን ጊዜ ያነሷት ጋሽ በየነ ናቸው። ሹሩባዋን በፋሻ አሰሩት። ሳንባዋ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ወጣ። ሐኪሙ "መድኃኒቱ ሠርቷል" ብሎ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ጋሽ በየነ ግን የድሮውን ፊልም ከመዝገብ ቤት አስወጥተው ሁለቱን ጎን ለጎን መብራቱ ላይ ሰቀሉና ጠሩኝ።

"ይሄን ደመና ተከተዪው" አሉኝ። በጣቴ ተከተልኩት። ከሳንባው ጫፍ ተነስቶ የትከሻዋን አጥንት አልፎ አንገቷ ላይ ይወጣል።

"ጽጌ፣ ሳንባ አንገት ላይ ይበቅላል እንዴ?"

ጆሮዬ ነደደ። አልጮሁብኝም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሂጂና ንገሪያት" አሉ። "እኔ ብነግራት የእኔ ይሆናል። አንቺ ነሽ መንገር ያለብሽ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ።"

ነገ ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ አለቃችንን አማከርኳቸው፤ ምክር ፈልጌ ሳይሆን የሚከለክለኝ ሰው ፈልጌ ነው ብል እውነቱን ተናገርኩ። ከለከሉኝ። "ድነሻል ተብላ ደስ ብሏት ሄዳለች፣ ምን ልሁን ብለሽ ሰላሟን ትነሻለሽ?" አሉኝ። ይህን ምክር እንደ መጎናጸፊያ ለበስኩት። ጋሽ በየነ የድሮውን ፊልም ከነፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጡት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሴት ፀጉሯን ሳላስር አንስቼ አላውቅም፤ እየጮሁብኝም፣ እየተሳደቡብኝም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ከኪራይ ቤት ወጥቼ ቀራንዮ አካባቢ ቤት ሠራሁና እድር ገባሁ። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ከፊቴ ማን ተቀምጣ ላግኝ? ብርቄ። ወዲያው አወቀችኝ። "ሲስተር! የዚያ ሆስፒታል ሲስተር! ያዳናችሁኝ!" ብላ በሰው ፊት እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። መድኃኒት የጨረሰችበትን ቀን እንደ ንግሥ ታከብረዋለች፤ በየዓመቱ በዚያ ቀን ድፎ ዳቦ ጋግራ ቤቴ ድረስ ታመጣልኛለች። "አታምጪ" ስላት ትሕትና ይመስላታል። "ቅመም አይስማማኝም" ስላት ያለ ቅመም ጋገረች። ታዲያ ምን ላድርግ? በላሁት። በየዓመቱ እያነቀኝ በላሁት።

ዘመኑ ሄደ። ፊልሙም ጨለማው ክፍልም ቀረ፤ ራጁ ኮምፒውተር ላይ መውጣት ጀመረ፣ ሲበላሽ በአንድ ጣት ይደገማል፣ የሚፈረም ወረቀት የለም። አዲሶቹ ልጆች መድገሙ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አያውቁም። አንዳንዴ ሲደግሙ እያየሁ ውስጤ ያር ነበር፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ዘንድሮ ወሬው እድር ውስጥ ተዛመተ፤ ሲስተር ጽጌ ፎቶ ታነሳለች። ያን ጊዜ ብርሃኑም ጭንቅላቱም ገብቶኝ ነበር፤ ሽኩር እንኳ ከነባርኔጣው ወጥቶ ፎቶውን ሱቁ ውስጥ ሰቅሎታል። አንድ እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ ብርቄ ናት። አዲስ ሹሩባ ተሠርታለች። ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች።

"ሲስተር፣ ሳሎን የሚሰቀል አንድ ትልቅ ፎቶ። ሃምሳ ሊሞላኝ አንድ ዓመት ቀረኝ፣ ግድግዳችን ላይ የእኔ ፎቶ የለም።"

በረንዳው ላይ፣ ፀሐዩ በቀጥታ የማያገኘው ጥግ ላይ አስቀመጥኳት። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ከአፌ ሳላስበው ወጣ።

"ሹሩባሽን ወደ ላይ ሰብስቢው።"

"እንዴ ሲስተር!" ሳቀች። "ለሹሩባው አይደል እንዴ የመጣሁት?"

ያን ቃል ያኔ ብለው ኖሮ! ለአንዲት ሴት ሳልለው የቀረሁትን ቃል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ዘግይቼ፣ በማይጠቅምበት ቦታ አልኳት። እሷ ግን እየሳቀች ነበርና በሳቋ ውስጥ ተጫንኩት። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የተሻለው ፎቶ እሱ ነው። ዓይኗ ይናገራል። ጉንጉኑ በቀኝ ትከሻዋ ላይ ወርዶ ደረቷ ላይ ተኝቷል፤ ልክ በዚያው ቦታ።

ፎቶ አታሚው ሰውዬ በትልቁ አትሞ ሲሰጠኝ "እማማ፣ ይሄንን ማን አነሳው?" ብሎ ተገረመ። ልቆጣው እንኳ አልቻልኩም። ቤቴ ገብቼ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ጡረታ ስወጣ ከመሳቢያዬ ይዤው የመጣሁትን የድሮውን ፊልም አውጥቼ አጠገቡ አኖርኩት። አንድ ሰው፣ አንድ ትከሻ፣ አንድ ጉንጉን። ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ አንቺ ሴትዮ፣ ጡረታም ወጣሽ፣ አለቃሽም የለ፣ የሚፈረም ወረቀትም የለ። አሁን ደግሞ በማን ልታመኻኚ ነው?

በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። ብርቄ የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ከጥሩነሽ ጋር በእናታቸው ቤት ነው። ጥሩነሽ ፎቶውን ስታይ እልል አለች። ቴሌቪዥኑ ላይ አስደግፈው አቆሙት። ነገሬን ልጀምር ስል ምሳ ቀረበ፤ ሳይበላ ነገር የለም አሉኝ። ለእኔና ለጥሩነሽ አንድ ትሪ መጣ። ብርቄ ራቅ ብላ ለብቻዋ በሳህን ያዘች። ብርጭቆዋ ሥር በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ተደርጎበታል።

"ምነው? ነይ አብረን እንብላ እንጂ" አልኳት።

"ልማድ ነው ሲስተር" አለች ፈገግ እያለች። "ከሳንባዬ ጊዜ ጀምሮ ነው። እማዬ ዕቃዬን ለየችልኝ፣ እንደዚያው ቀረ። ድኛለሁ እኮ ስላት 'ለማንኛውም' ትላለች። ከእጄ ጉርሻ አትቀበልም። ልትሞት ስትል እንኳ ልስማት ስጠጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።"

"ለእኛ ፈርታ ነው" አለች ጥሩነሽ ትሪውን እያየች። "ጠልታሽ አይደለም።"

"እኔስ ጠላችኝ መቼ አልኩ?"

ይህን አላውቅም ነበር። ሥራዋን እንዳሳጣኋት አውቃለሁ፤ መድኃኒቱን አውቃለሁ። ይህን ግን አላውቅም ነበር። እጄን ታጠብኩና ፊልሙን ከፖስታው አወጣሁ።

"ብርቄ፣ አንቺ ሳንባሽን ታመሽ አታውቂም።"

ፊልሙን መስኮቱ ላይ ይዤ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ፋሻውን፣ ሰልፉን፣ የተንሸራተተውን ጉንጉን፣ እንዳየሁት፣ እንዳልደገምኩት። ደመናውን በጣቴ ከሳንባዋ እስከ አንገቷ ተከተልኩላቸው። ጥሩነሽ ተነስታ መጣች። ዓይኗን አጥብባ ፊልሙ ላይ ተጠጋች። ቀረብ ብሎ ላየው ደመና አይደለም፤ ገመድ እንደሚገመደው ሦስቱ ክር አንዱ በሌላው ላይ ሲያልፍ ይታያል።

"ይሄማ የእኔ ጉንጉን ነው" አለች። "ይሄ እኔ የሠራሁላት ነው። እንዲህ አጥብቄ የምይዘው እኔ ነኝ።" እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ብርቄ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

"ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?"

"መድኃኒቱን ከጨረስሽ ጀምሮ።"

"እማዬ ያኔ በሕይወት ነበረች።"

"አዎ።"

"ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች።"

"አዎ።"

"እና በየዓመቱ ድፎዬን ይበሉ ነበር?"

"እበላ ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ፈራሁ" አልኩ። "ከዚያ ቆየ። በቆየ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።" አለቃችንንም ምክራቸውንም አልጠራሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን አይቼ ዘጋሁት።

ከዚያ ጥሩነሽ ትሪውን አንስታ ብርቄ ፊት አስቀመጠችና መሬት ላይ አጠገቧ ቁጭ አለች። ስልሳ የተጠጋች ሴት ናት።

"አጉርሺኝ" አለቻት።

ብርቄ ትሪውን አየችው። እጇን ሰደደች፣ መልሳ ሰበሰበች። ከዚያ እንጀራ ቆረሰች፣ ወጡን ጠቀለለች፣ ትልቅ አድርጋ ጠቀለለች። ጥሩነሽ አፏን ከፍታ እንባዋ እየወረደ ትጠብቃለች። ብርቄ ጉርሻውን ከእህቷ አፍ ፊት ያዘችውና ቆመች።

"ይቺ የእማዬ ነበረች" አለች። ከዚያ አጎረሰቻት።

ጥሩነሽ እያለቀሰች አኘከች። ብርቄ ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች። እኔ ፊልሙን እንደያዝኩ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። ወደ እኔ የመጣ ጉርሻ አልነበረም፤ መምጣትም አልነበረበትም። ፖስታዬን አንስቼ ወጣሁ።